አምባገነን ሲወድቅ አብሮት የሚወድቀው ምንድን ነው?

ጥያቄው የደረሰኝ ከዚሁ ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው እንደሚሉት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ከአጎታቸው ጋር ክርክር ገጥመዋል። አጎትየው በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ ሃምሳ አለቃ የነበሩና በ1983 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር የተበተኑ ሰው ሲሆኑ፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ የወደቀ ሁሉ የባሰ አምጥቶብናል» ይላሉ። ጠያቂው ደግሞ አምባገነን የወደቀበት አገር፣ የመጣው ይምጣ፣ ካልወደቀበት ይሻላል ባይ ናቸው። «ከሁለታችን ትክክሉ ማን ነው? አገር አምባገነኗ ከወደቀ በኋላ በእርግጥ ይሻላታል ወይ? በማስረጃ ይመልሱልኝ፤ ለአጎቴም አነብላቸዋለሁ» ብለዋል።

ለአጎትዎ የሚነበብ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እርሳቸው ያሳለፉትን እኔ ያወቅሁት የንጽጽር ፖለቲካ በማስተማር ብቻ አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወስደውን መንገድ ይዘው፣ ጫማቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው በእግራቸው ሲጓዙ የነበሩ ወታደሮችን ቆሜ አይቻለሁ። አንዱ ብርድ ልብሱን በዳቦ ሲለውጥ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ «ወደቀና ተገላገልን» የሚለው አነጋገር ለእኔም አይዋጥልኝም። ይህም ሆኖ መልሴ ወደ እርስዎ ያደላል፤ የማደላበት ምክንያት ግን እርስዎ ካቀረቡት ይለያል።

ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ቁጥር አለ። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ባርባራ ጌዲስና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 2010 በዓለም የነበሩትን አምባገነን አገዛዞች አንድ በአንድ መዝግበው፣ ከወደቁት መካከል ዴሞክራሲ የተከተላቸው ግማሽ እንደማይሞሉ፣ አብዛኞቹን የቀሩትን የተካቸውም ሌላ አምባገነን መሆኑን አሳይተዋል። ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፋን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 የትጥቅና ትጥቅ አልባ ትግሎችን አነጻጽረው፣ ያለ ጦር መሣሪያ የተካሄዱት የመሳካት ዕድላቸው ከሌሎቹ እጥፍ ያህል እንደነበረና ከድሉ በኋላም ወደ ዴሞክራሲ የመድረስ ዕድላቸው እንደሚበልጥ አግኝተዋል። ሁለቱም የተከበሩ ጥናቶች ናቸው። ሆኖም አማካይ ቁጥር ለአንድ አገር ሰው አገሩ ከየትኛው ወገን እንደምትወድቅ አይነግረውም፤ በሰልፍ ሊወርድ የቻለ አምባገነንም ከመጀመሪያው ጠንካራ ማኅበራት ያሉትን ሕዝብ ይገዛ የነበረ ሊሆን ስለሚችል፣ ውጤቱን ያመጣው ሰልፉ ይሁን ማኅበራቱ መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱን ከሥሩ ለማየት በአንድ ዓመት ውስጥ መሪዎቻቸው የወደቁባቸውን ሁለት ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል። እነርሱም ሶማሊያና እኛው ነን።

ከጥቅምት 1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሶማሊያን የገዙት ዚያድ ባሬ ሞቃዲሾን ጥለው የሸሹት በጥር 1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ የሄዱት ከአራት ወር በኋላ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም የመጡት ከጦሩ ነው፤ ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ብለዋል፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን እርስ በርስ የተዋጉትም እነርሱ ናቸው። ሁለቱንም የጣላቸው የታጠቀ አማፂ ነው። ነገር ግን በሞቃዲሾ መሪው ከመሸሹ በፊት ሠራዊቱ በጎሳ ተሰነጣጥቆ ስለነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ሲለቀቅ የሚረከብ አካል አልነበረም። ከተማዋን የያዘው ንቅናቄ ራሱ በአሊ ማህዲና በጄኔራል አይዲድ ለሁለት ተከፍሎ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መዋጋት ጀመረ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በባይዶዋና በአካባቢዋ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። በአዲስ አበባ ደግሞ ከመሪው መሸሽ እስከ ኢሕአዴግ መግባት አንድ ሳምንት ብቻ ነበር፤ ግንቦት 20 ቀን የገባው ኃይል በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ስለነበር፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ በአመዛኙ በነበሩት ሠራተኞች ሥራቸውን ቀጠሉ። በሰኔ መጨረሻ የሽግግር ጉባኤ ተጠራ። የአዲሱን አገዛዝ ጠባይ በኋላ እንመዝነው፤ ለጊዜው የምለው የወር ደመወዝ የሚከፍል፣ መዝገብ የሚያገላብጥ፣ የመሣሪያ ግምጃ ቤት የሚዘጋ እጅ በአንዱ አገር ተገኝቶ በሌላው እንዳልተገኘ ነው።

በአማርኛ አንድ ችግር አለብን። «መንግሥት» የምንለው ቃል ሥረ መሠረቱ «ነገሠ» ነው፤ የነገሠውንም ሰው፣ የሾማቸውንም ባለሥልጣናት፣ ከእርሱ በፊት የነበረውንና ከእርሱ በኋላ የሚኖረውን ተቋምም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ስለዚህ «መንግሥት ወደቀ» ስንል የትኛው እንደወደቀ አልተናገርንም። ገዢው ወርዶ መሥሪያ ቤቱ የቆመበት አገርና ገዢው ሲወርድ ምሰሶው አብሮ የተነቀለበት አገር በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቅሳቸዋል። እርስዎና አጎትዎ የተጣላችሁት ይመስለኛል በዚህ ቃል ላይ ነው።

ምሰሶው በሰው እጅ እንዴት እንደሚነቀል በግልጽ የታየው በኢራቅ ነው። ሳዳም ሁሴን በሚያዝያ 2003 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ሲወገዱ የኢራቅ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈው እንጂ ፈርሰው አልነበረም። ያፈረሷቸው ከዚያ በኋላ የወጡ ሁለት ትእዛዞች ናቸው። አሜሪካዊው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር ግንቦት 16 ቀን እ.ኤ.አ. ባወጡት የመጀመሪያ ትእዛዝ የባዝ ፓርቲ ከፍተኛ አባላት ከመንግሥት ሥራ ተባረሩ። በዚያ አገር ርእሰ መምህር ወይም ሐኪም ሆኖ ለማደግ ፓርቲው ውስጥ መግባት የተለመደ ስለነበር፣ አብረው የተባረሩት ብዙ ናቸው። ከሳምንት በኋላ በወጣው ሁለተኛ ትእዛዝ ሠራዊቱ በሙሉ ተበተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያ መያዝ የሚያውቁ ሰዎች ያለ ደመወዝና ያለ ክብር ቤታቸው ገቡ፤ ጥቂት የማይባሉት ከቤታቸው የወጡት አማፂ ሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞሱልን የያዘውን የአይሲስን ጦር ካደራጁት መካከልም የቀድሞው ሠራዊት መኮንኖች ነበሩበት።

አጎትዎ እዚህ ላይ «እኛም እኮ ተበተንን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ከ400,000 በላይ የነበረው የደርግ ሠራዊት ፈርሷል፤ ብዙዎች ዕድሜያቸውን የሰጡበትን ሙያ አጥተው፣ በጠላት ስም እየተጠሩ፣ ከቀን ሥራ እስከ ልመና ደርሰዋል። ያም ሆኖ አገሪቱ እንደ ኢራቅ ያልሆነችበት ምክንያት ሊጠና የሚገባው ነው። አንደኛ ነገር፣ ወታደሩ በየማሠልጠኛው ተሰብስቦ፣ ተመዝግቦ፣ የተወሰነ መቋቋሚያ ተሰጥቶት ነው ወደ መንደሩ የተሸኘው። ከዚያም በላይ አብዛኛው በብሔራዊ ውትድርና የዘመተ ገበሬ ስለነበር የሚመለስበት ማሳ ነበረው። የተበተነውን ጦር ቦታ ወዲያው የያዘ ሌላ ጦርም ነበር። ይህ ሦስተኛው ግን ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ አሸናፊው የሥልጣኑን ቁልፍ ለማንም ሳያካፍል ለብቻው ስለያዘ፣ አገር ከመፍረስ ያዳናት ነገርና ሥልጣን በአንድ ወገን እንዲቀር ያደረገው ነገር አንድ ሆኑ። ስለዚያ ዘመን የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ግማሽ ግማሹን ይዘው ሲጯጯሁ እሰማለሁ።

«የወደቀ ሁሉ የባሰ አምጥቷል» ለሚለው አነጋገር የሊቢያና የሱዳን ስም ሁልጊዜ ይጠራል። እኔ ግን ሁለቱን አገሮች የማነባቸው በተቃራኒው ነው። ሙአመር ጋዳፊ ለ42 ዓመታት ሲገዙ ፓርቲ ከልክለው፣ ሕገ መንግሥት ሳያኖሩ፣ መደበኛው ጦር እንዳይጠናከር ሆን ብለው አዳክመው፣ ምርጥ መሣሪያውን ልጆቻቸው ለሚያዙት ብርጌድ ሰጥተው ነው የቆዩት። በጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ. ሲገደሉ ተረካቢ ያልነበረው እርሳቸው ስለወደቁ ሳይሆን ተረካቢ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ በዕድሜ ዘመናቸው ስለነቀሉ ነው። ሊቢያውያን በሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. ተሰልፈው በሰላም መርጠው ነበር። የተመረጠው ምክር ቤት ግን የሚያዘው ጦር አልነበረውም፤ ሚሊሻዎችን ለማባበል ደመወዝ ሲከፍል ደግሞ ተዋጊ ነኝ ብሎ የሚመዘገበው ሰው በእርግጥ ከተዋጋው በእጅጉ በለጠ። በ2013 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ባለሥልጣናትን ከሥልጣን የሚያገል ሕግ የጸደቀው ታጣቂዎች ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ከበው ነው። በዓመቱ አገሪቱ ሁለት መንግሥት ሆነች።

የሱዳኑ ከዚህ ይከፋል። ኦማር አል በሽር ራሳቸው በመፈንቅለ መንግሥት የመጡ ስለሆኑ በመፈንቅለ መንግሥት እንዳይሄዱ ፈሩ፤ ሠራዊቱን የሚጠብቅባቸው ሌላ ሠራዊት አበጁ። ዳርፉርን ካቃጠሉት ጃንጃዊድ ሚሊሻዎች በ2013 እ.ኤ.አ. የተዋቀረው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የተፈጠረው እንደዚህ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ተቃውሞ ሲወርዱ ሁለቱ ጦሮች በየፊናቸው ቀሩ። በጥቅምት 2021 ተባብረው የሲቪሎቹን አስተዳደር ገለበጡ፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እርስ በርስ ተታኮሱ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በመተማ በኩል ወደ እኛ የገቡትን ስደተኞች ያየ ሰው «ይኸው የአብዮት ውጤት» ቢል አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ከተማውን ያቃጠለው መሣሪያ ሰልፈኛው የያዘው አልነበረም፤ አል በሽር ለራሳቸው ዕድሜ ብለው ያስታጠቁት ነው። ዕዳ አበዳሪው በር ላይ በቆመበት ቀን አልተፈጠረም።

«ባይወድቅስ ኖሮ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የ2013 ሊቢያን ከ2010 ሊቢያ ጋር ማነጻጸር የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ የ2010 ጸጥታ በዚያው ሊቀጥል ይችል እንደነበር ማረጋገጫ የለምና። ጋዳፊ በተነቀነቁበት በዚያው በ2011 እ.ኤ.አ. የተነቀነቁት በሽር አል አሳድ አልወደቁም፤ በሥልጣን ላይ 13 ዓመት ተጨማሪ ቆዩ። በእነዚያ ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሶርያውያን ተገደሉ፤ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከቤቱ ተነቀለ። በኅዳር መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ሲሸሹ ለተተኪው የቀረለት ፍርስራሽ ነበር። አምባገነኑ ሳይወድቅ በመቆየቱ የፈረሰ አገር ስለመኖሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም፤ እርስዎ ከአጎትዎ ጋር ሲከራከሩ ያልጠሩት ስምም ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «ይሻላታል» ሲባል የምትሻላት አገር ማን ናት? ሶማሊያን አሁንም እንውሰድ። ሞቃዲሾ ለነበረ ነጋዴ የዚያድ ባሬ መውደቅ የመከራ መጀመሪያ ነው። ለሐርጌሳ ሰው ግን መከራው የጀመረው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ዓመት የገዛ መንግሥቱ አውሮፕላን ከገዛ ከተማው አየር ማረፊያ እየተነሣ ከተማውን በቦምብ አፈረሰበት፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትም ወደ እኛ አገር ሐርቲሼክ ሸሹ። ሰሜኑ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ሶማሊላንድ ብሎ ራሱን ከለየ በኋላ ሽማግሌዎቹ በ1993 በቦረማ ለወራት ተቀምጠው አስተዳደር አቆሙ። የአንድ ሰው መውደቅ በአንድ ካርታ ውስጥ ለሁለት ከተሞች ሁለት ታሪክ ሆነ።

በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው በ1967 ዓ.ም. ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ከእነ ጋዳፊ ጋር በአንድ ስም መጥራት አከራካሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሕግ የተፈቀደ አንድም ፓርቲ ስላልነበረ፣ መስከረም 2 ቀን ከዙፋናቸው ሲወርዱ የተደራጀ ተረካቢ ጦሩ ብቻ ነበር፤ ደርግም ወዲያው ሕገ መንግሥቱን አግዶ ፓርላማውን በተነ። በኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጭምር፣ ያለ ፍርድ ገደለ። ከዚያ የተከተለውን ቀይ ሽብር ማንም ረስቶት አያውቅም። በዚህ ሚዛን ብቻ ከሆነ አጎትዎ ረቱ። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያወጀውም ያው ደርግ ነው። በዚህ በሲዳማና በደቡቡ ሁሉ ጭሰኛ ለነበረ ገበሬ ያ አዋጅ ምርቱን ለባለመሬት ከማካፈልና ደጅ ከመጥናት አወጣው። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ የሰባ ዓመት አዛውንት ያነጋገረ ሰው «የንጉሡ ዘመን ይሻል ነበር» የሚል ብዙ አያገኝም። ያው ገበሬ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እህሉን በኮታ፣ ልጁን በአፈሳ ተነጠቀ። በ1983 ዓ.ም. አፈሳው ሲቆም የእፎይታውን መጠን የሚያውቁት ልጆቻቸውን ጣራ ላይ ይደብቁ የነበሩ እናቶች ናቸው፤ ይህን እፎይታ በአገራዊ ምርት ስሌት ውስጥ ማንም አያስገባውም።

ጊዜም አንዱ ሚዛን ነው። ፖርቱጋል በሚያዝያ 1974 እ.ኤ.አ. ወጣት መኮንኖች አገዛዙን ሲጥሉ በጠመንጃ አፈሙዝ አበባ የተሰካበት ቀን ይነሣል እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜያዊ መንግሥታት እንደተፈራረቁ፣ ከአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ሜዳ ላይ እንደፈሰሰባቸው፣ በኅዳር 1975 ለእርስ በርስ ጦርነት ትንሽ እንደቀራቸው አይወሳም። በ1975 መጨረሻ «ተሻላችሁ?» ተብለው ቢጠየቁ ብዙዎች ይቆጡ ነበር። ኢንዶኔዥያም እንዲሁ። ሱሃርቶ ከ32 ዓመት በኋላ በግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. ሲለቁ ኢኮኖሚው በዚያ ዓመት 13 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሏል፤ በአምቦን ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ተራረዱ። ነገር ግን ምክትላቸው ሐቢቢ ሥልጣኑን ተረክበው ጋዜጦችን ፈቱ፤ በ1999 ለ48 ፓርቲዎች ምርጫ ከፈቱ፤ ጦሩ በምክር ቤት የነበረው ወንበር በ2004 አበቃ። ጦሩ አልተዋረደም፣ አልተበተነም፤ ቀስ በቀስ ከምክር ቤት ወጣ። ለዚህ የተከፈለ ዋጋም አለ፤ በሱሃርቶ ዘመን ለተፈጸመው እልቂት የተጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። የቱኒዚያ ደግሞ ወደ ኋላ የሄደ ነው፤ ቤን አሊ በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ሸሽተው፣ በ2014 ጥሩ ሕገ መንግሥት ጸድቆ፣ አደራዳሪዎቹ በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለው፣ በሐምሌ 2021 ፕሬዚዳንት ሰኢድ ምክር ቤቱን ዘጉት። ሥራ አጥቶ የሰነበተ ወጣት በምክር ቤቱ መዘጋት ሲያጨበጭብ ታይቷል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ ያለኝ መልስ ይህ ነው፤ አገር የሚሻላት ወይም የሚብስባት በመውደቁ ሳይሆን፣ ገዢው በሥልጣን በቆየበት ዘመን ራሱን ከአገሪቱ ምሰሶ ጋር ምን ያህል አጣብቆ እንደነበረና የጣለው ኃይል ምሰሶውን ሳይነቅል ሰውየውን ብቻ ሊያወርድ በመቻል ባለመቻሉ ነው። አንድ ዓመት በቆየ ቁጥር መጣበቁ ይጠነክራል፤ «ይቆይ» የሚለውን ምክር የማልቀበለውም ለዚህ ነው። ወደ እርስዎ አደላለሁ ያልኩት በዚህ ብቻ ነው፤ «የመጣው ይምጣ» የሚለውን ግን ይተዉት፤ የሚመጣው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋልና።

የአጎትዎን ተረት በተመለከተ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ እንደማያጣፍጥ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን የተሰነጠቀ ጉልቻ እሳት ላይ ቆይቶ ሲፈረካከስ ወጡን ይደፋዋል፤ ድስቱን ሳያወርዱ ጉልቻ የሚስቡም እንዲሁ ይደፉታል። ደግሞም ሁለቱ ለውጦቻችን አንድ ዓይነት አልነበሩም። በ1967 ዓ.ም. የወደቁት ባለሥልጣናት ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ በ1983 ዓ.ም. የወደቁት ግን ክሳቸው በ1987 ተጀምሮ ፍርዳቸው የተሰጠው በ1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ሙግት ለተበዳይም ለተከሳሽም የሚያሰለች መሆኑ እውነት ነው፤ ጠበቃ ቆሞበት፣ ምስክር ተሰምቶበት፣ መዝገብ ተከፍቶበት ማለፉም እውነት ነው።

ይህን ሲያነቡላቸው አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ከግንቦት 13 እስከ ግንቦት 20 ባለው ሳምንት እርሳቸው በነበሩበት ጦር ሰፈር ትእዛዝ ይሰጥ የነበረው ማን ነበር? የግንቦት ደመወዝ ተከፍሎ ነበር ወይ? የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ቁልፍስ መጨረሻ ላይ የያዘው ማን ነው? መልሳቸውን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ስለዚያ ሳምንት የጄኔራሎችን ቃል በብዛት አንብቤአለሁ፤ የሃምሳ አለቃ ቃል ግን ከጥቂት በላይ አላገኘሁም።